ሬኒየር ላይ ሎውስ ያለበት ቦታ ይጫወት ስለነበረው የጥቁሮች ቤዝቦል ቡድን የሚያውቅ አለ?

የጥገናው ሰው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ብዙ ጊዜ የምንጻጻፈው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወረቀትና ስለ ሥራ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚያ ወጣ ይላል። ሲያትል ረጅም ጊዜ የኖራችሁ ብታግዙኝ ብዬ ነው።

እኔ የአፓርትመንት ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሬኒየርና ማክሌላን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ያለውን ሎውስ የሚባል የግንባታ ዕቃ መደብር በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እረግጠዋለሁ፤ ቧንቧ፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ፣ የማልገዛው የለም። ጥጉ ላይ ድሮ ስታዲየም እንደነበር የሚናገር ምልክት ቆሟል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላነበብኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ከቤዝቦል ልምምድ ይዤው ስመለስ መኪና ውስጥ፣ “አባዬ፣ አንተ ቧንቧ የምትገዛበት ቦታ እኮ ስቲልሄድስ ይጫወቱበት ነበር” አለኝ። አሠልጣኛቸው ነው የነገራቸው። ጥቁሮች ብቻ የነበሩበት ቡድን፣ ጥቁሮች ብቻ የነበሩበት ሊግ፤ ሁለት ወር ያህል ተጫውቶ የፈረሰ። የጫማውን ጭቃ እያራገፈ ነበር። ቀና ሳይል፣ “የፈረሰው ጎበዝ ስላልነበሩ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

“አይመስለኝም” አልኩት። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ አባቱ “አይመስለኝም” ሲል አላውቅም ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ቡድናቸው ውስጥ ያሉት ጥቁር ልጆች እሱን ጨምሮ አራት ናቸው። እርስ በርሳቸው ሲያወሩት እንደዋሉ ከፊቱ ገብቶኛል። እኔ የማውቀው ኳስ በእግር የሚመታውን ነው፤ የቤዝቦልን ሕግ ገና ከልጄ ነው የምማረው። እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ሊጋቸውስ ለምን ፈረሰ? እሑድ አጠገቤ አስቀምጬው ሳልጠራጠር የምነግረው ነገር እፈልጋለሁ።

ከቼሪ ጎዳና፦

ወንድሜ፣ ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ፤ ጎበዞች ነበሩ። ሊጉ የፈረሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የሚጫወቱበት ሜዳ የራሳቸው ስላልነበረ ነው። የቀረውን ረጋ ብለህ አንብበው፤ ረዘም ይላል።

እኔ በሱዳን በኩል አድርጌ እዚህ ከተማ ከገባሁ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ ውስጥ 17ቱን ያሳለፍኩት በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ነው። ቤዝቦልን የተማርኩት እዚያች ዳስ ውስጥ ከትንሽ ሬዲዮ፣ ከዴቭ ኒሃውስ አንደበት ነው። የሰውዬው ድምፅ ከፍ ሲል ጨዋታው ሳይገባኝ በፊት ልቤ ይመታ ነበር። ፈረቃ የምንቀያየር አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ዛሬ ሎውስ ባለበት ቦታ ስለነበረው ስለ ሲክስ ስታዲየም ያወሩኝ እሳቸው ናቸው። ከግራው አጥር ባሻገር ከፍ ያለ ኮረብታ ነበር፤ የመግቢያ የሌለው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ በነፃ ያያል። “የቆንቋኖች ኮረብታ” ይሉት ነበር። እሳቸውም ልጅ ሆነው እዚያ ነው ያደጉት። ያንን ቦታ ሲያስታውሱ በእጃቸው አየር ላይ ሜዳውን ይስሉልኝ ነበር፤ እዚህ ጋ አጥሩ፣ እዚህ ጋ ወርዋሪው፣ እዚህ ጋ እኔ።

ታሪኩን ለልጅህ ስትነግረው ከጦርነቱ ጀምርለት። በ1940 ሲያትል ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች 3,789 ብቻ ናቸው። በ1950 ግን 15,666 ሆነዋል። ቦይንግ አውሮፕላን፣ የመርከብ ፋብሪካዎቹ ደግሞ መርከብ እየሠሩ ሰው ይፈልጉ ስለነበር ከሉዊዚያናም ከቴክሳስም ከአርካንሳስም በባቡር መጡ። እንጀራቸውን እዚህ አገኙ፤ ቤት ግን በፈለጉበት ሰፈር መግዛት አይችሉም። በየመንደሩ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም ተብሎ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ አብዛኞቹ ሴንትራል ዲስትሪክት ታጨቁ። ዛሬ የእኛ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ቼሪ ጎዳና ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ምን ይዩ? ሜጀር ሊግ የሚባለው የአገሪቱ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ በዚያን ጊዜ ከሴንት ሉዊስ ወዲህ ወደ ምዕራብ አልደረሰም። እዚህ ዳርቻ ላይ ትልቁ ፓሲፊክ ኮስት ሊግ ነው፤ የሲያትል ሬኒየርስ ያሉበት። እዚያ ውስጥ በ1946 አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ትኬት ገዝተው ማየት ይችላሉ፤ ልጃቸው አድጎ እዚያ መጫወት አይችልም።

እና በ1946 ዌስት ኮስት ኒግሮ ቤዝቦል ሊግ ተቋቋመ። ሐሳቡ የመጣው ከሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው፤ ኤዲ ሃሪስ ከሚባል የበርክሌይ የእሳት አደጋ ሠራተኛና ከጓደኞቹ። ፕሬዚዳንት የሆነው ኤብ ሳፐርስቲን ነው፤ የሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት። ምክትሉ ደግሞ ጄሲ ኦውንስ ነው። አዎ፣ በ1936 በርሊን ላይ በሂትለር ፊት አራት ወርቅ ያጠለቀው ራሱ ጄሲ ኦውንስ! የፖርትላንድ ሮዝበድስ የእሱ ቡድን ነበር። አራት ወርቅ ይዞ አገሩ የተመለሰ ሰው ቋሚ ገቢ አጥቶ በየስታዲየሙ ከፈረስ ጋር እየሮጠ ነው ኑሮውን የገፋው። ይኼን ስሰማ እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። በኦሎምፒክ ሯጮቹ የሚኮራ ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል።

ቡድኖቹ ስድስት ናቸው፦ ሲያትል ስቲልሄድስ፣ ፖርትላንድ ሮዝበድስ፣ ኦክላንድ ላርክስ፣ ሳንፍራንሲስኮ ሲ ላየንስ፣ ሎስ አንጀለስ ዋይት ሶክስና ሳንዲያጎ ታይገርስ። ስቲልሄድ የዓሣ ስም ነው፤ ባሕር ገብቶ ያድግና ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ የዚህ አገር ዓሣ። ሳፐርስቲን ግሎብትሮተርስ በሚለው በዚያው ስም አገር ለአገር እየዞረ የሚጫወት የቤዝቦል ቡድንም ነበረው፤ እሱን ነው እዚህ አምጥቶ ስቲልሄድስ ያለው። አሠልጣኙ ፖል ሃርዲ ራሱ ካቸር፣ ማለት ከወርዋሪው ኳስ የሚቀበል ሆኖ ይጫወት ነበር። ስለዚህ ልጅህ ስለ ጉብዝናቸው ከጠየቀህ፣ ከየመንገዱ የተሰበሰቡ አልነበሩም፤ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው።

ጁን 1 ቀን 1946፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነው። ስቲልሄድስ የመጀመሪያውን የሜዳቸውን ጨዋታ ከሳንዲያጎ ታይገርስ ጋር ሲክስ ስታዲየም ላይ አደረጉ። 2,500 ሰው ገብቶ ነበር። በጠቅላላ ከ15,000 በታች ለሆነ ማኅበረሰብ ይኼ ስንት እንደሆነ አስበው፤ ሌላ ሰው ተቀላቅሎም ቢሆን።

አሁን ወደ ሜዳው ነገር እንምጣ። ሲክስ ስታዲየም የሬኒየርስ ነው፤ የሬኒየር ቢራ ባለቤት ኤሚል ሲክ በ1938 የከፈተው። ስቲልሄድስ እዚያ የሚጫወቱት ሬኒየርስ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ብቻ ነው። ፖርትላንድም፣ ኦክላንድም፣ ሳንፍራንሲስኮም እንዲሁ ነው፤ ሜዳው የሚገኘው የነጮቹ ቡድን በሌለበት ቀን። ኪራይ አለ፣ የጉዞ ወጪ አለ። ቀን ሲጠፋ እዚህ ያሉት ታኮማና ብሬመርተን ሄደው “የሜዳችን” ብለው ይጫወታሉ። የቡድንህን ጨዋታ ለማየት በየሳምንቱ ሜዳው የት እንደሆነ መጠየቅ ካለብህ ደጋፊ እንዴት ይጸናል?

መንገዱን ደግሞ ካርታ ላይ አሳየው። ከሲያትል ሳንዲያጎ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዛሬ በአይ-5 እንኳ ሾፌር ይቀያየርበታል። በ1946 አይ-5 የሚባል መንገድ የለም። ጥቁር ሆነህ በዚያ መንገድ ላይ የሚያሳድርህ ሆቴል፣ የሚያበላህ ቤት ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

110 ጨዋታ ነበር የታቀደው። ሠላሳ አካባቢ ሲደርሱ፣ ጁላይ ላይ ቆመ። በዚያው በጋ ጃኪ ሮቢንሰን ከነጮች ጋር ሞንትሪያል እየተጫወተ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 15 ሜጀር ሊግ ውስጥ ያለው የብሩክሊን ቡድን ገባ። የጥቁሮች ጋዜጣም የሰዉም ዓይን ወደዚያ ዞሯል። በዚያ ሰዓት አዲስ የጥቁሮች ሊግ መክፈት ከባድ ነበር፤ የተመኙት ነገር ራሱ እየመጣባቸው ነው።

ከስቲልሄድስ አንዱን ስም ለልጅህ አስይዘው፦ ሄርብ ሲምፕሰን። ፈርስት ቤዝ፣ ማለት ሯጩ መጀመሪያ የሚደርስባት ጥግ ላይ የሚቆም፣ የኒው ኦርሊንስ ሰው፣ ከጦርነቱ የተመለሰ ወታደር። በ1952 ኒው ሜክሲኮ ሄዶ ለአልበከርኪ ዱክስ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። 2015 ላይ በ94 ዓመቱ ነው ያረፈው። ሌላው ሸርዉድ ብሩወር ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የሚባለው ትልቅ የጥቁሮች ቡድን ድረስ ደርሷል። ሁለት ወር ያህል የቆየው ሊጉ ነው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

የኦክላንዷ፦

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። እኔ ደግሞ ከዚህ ወገን ትንሽ ልጨምር።

ሊጉ ሲቆም አንደኛ የነበሩት የእኛዎቹ ላርክስ ናቸው፤ 14 አሸንፈው 3 ብቻ ተሸንፈው። የሚጫወቱበት ኦክስ ፓርክ የሚባለው ሜዳ ኤመሪቪል ውስጥ ነበር፤ ዛሬ የፒክሳር ስቱዲዮ ባለበት አካባቢ። እኔ በየጠዋቱ ሳን ፓብሎ ጎዳናን ይዤ ሥራ ስሄድ በዚያው አልፋለሁ።

ስለዚያ ሜዳ ባለቤቶች፣ ፓሲፊክ ኮስት ሊግ ውስጥ ስለነበሩት ስለ ኦክላንድ ኦክስ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጂሚ ክላክስተን የሚባል ታኮማ ያደገ ወርዋሪ ነበር። በ1916 አሜሪካዊ ሕንድ ነው ተብሎ ኦክስ ቀጠሩት። ሜይ 28 ቀን በአንድ ቀን በሁለቱም ጨዋታዎች ላይ ወረወረ። ሳምንት ገደማ ቆይተው፣ የጥቁር ደም እንዳለው ሲታወቅ አባረሩት። በዚያች ሳምንት ግን የቤዝቦል ካርድ ከከረሜላ ጋር የሚያወጣ ድርጅት ፎቶ አንሺ መጥቶ ነበርና በቤዝቦል ካርድ ላይ ፊቱ የታተመ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ሆኖ ቀረ። ካርዱን በፎቶ አይቼዋለሁ። ወጣት ነው፤ ክንዱን አንስቶ ሊወረውር። ምንም አላጠፋም።

ከእሱ በኋላ ፓሲፊክ ኮስት ሊግ በግልጽ ጥቁር የተቀበለው በ1948 ነው፤ ጆን ሪቺን፣ ሳንዲያጎ ፓድሬስ ላይ። እንግዲህ ስቲልሄድስና ላርክስ በ1946 ያንኑ ሜዳ ተከራይተው ሲጫወቱ፣ የባለሜዳዎቹ ሊግ እንደነሱ ያለ ሰው ለመቅጠር ገና ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ሌላው፣ ሊጉ ሲፈርስ ቡድኖቹ ሁሉ አልጠፉም። የሳንፍራንሲስኮ ሲ ላየንስ እየዞሩ መጫወት ቀጠሉ። በ1949 ቶኒ ስቶን የምትባል ሴት ከወንዶቹ ጋር ተሰልፋላቸዋለች። ከወንዶቹ ያነሰ እየከፈሏት መሆኑን ስታውቅ ጥላቸው ኒው ኦርሊንስ ሄደች። በ1953 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሴከንድ ቤዝ ላይ አሰለፏት። ኋላ እዚሁ ኦክላንድ ነው የኖረችው፤ 1996 ላይ አረፈች። ልጄ ሶፍትቦል ትጫወታለች፤ የቶኒ ስቶንን ፎቶ አልጋዋ ራስጌ ላይ የለጠፍኩላት እኔ ነኝ።

ዲሲ 14ኛው ጎዳና፦

የኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ስም ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ ቡድን ከዚያ በፊት ስሙ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያን ክላውንስ። የኢትዮጵያ ቀልደኞች ማለት ነው።

ማያሚ ውስጥ በ1930ዎቹ ነው የተነሱት። ጣሊያን ሲወረን የአሜሪካ ጥቁር ጋዜጣ ሁሉ የኢትዮጵያን ስም ይዞ ነበር የሚወጣው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ሲዋጣልን ነበር። አዘጋጆቹ ያንን ስም አንስተው ቀልድ ላይ ለጠፉት። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ የሣር ቀሚስ ለብሰው፣ የፈጠራ “አፍሪካዊ” ስም ተሰጥቷቸው ይወጣሉ። ሰዎቹ ግን እጅግ የሚችሉ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።  ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን ባለቤት ከም ፖዚና የጥቁር ጋዜጠኞች አጥብቀው ተቃወሟቸው። በ1943 ወደ ኒግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገቡ “ኢትዮጵያን” የሚለውን እንዲያወልቁ ተጠየቁና አወለቁ። ዝነኛው መቺ ሃንክ አሮን በ1952 የጀመረው በዚያ ቡድን ነው። ለክላውንስ ጨዋታ ሲያመቻች የነበረው ደግሞ ጋሼ የጠቀሱት ኤብ ሳፐርስቲን ራሱ ነው። በጎውንም ክፉውንም ለልጆቻችን መንገር አለብን ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይምታታ፦ ይኼ የዌስት ኮስቱ ሊግ ሜጀር አይባልም፣ ትንሽ ሊግ ነው። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2020 ሰባት የጥቁሮች ሊጎችን እንደ ሜጀር ተቀብሏል፤ በ2024 ቁጥራቸውን ከዋናው መዝገብ ጋር ቀላቅሎ ከጥቁሮች ሊጎች የሆነው ጆሽ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ የዘመናት ሁሉ አንደኛ መቺ ሆኗል። ዌስት ኮስቱ ከሰባቱ አንዱ አይደለም።

ከቼሪ ጎዳና፦

የዲሲው ወንድማችን፣ ስለ ክላውንስ የጻፍከው አሳምሞኛል፤ ደግ አደረግህ ማንሳትህ። ስለ ሜጀሩም ትክክል ነህ። ግን አንድ ነገር አስብበት። ከሰባቱ አንዱ ኢስት ዌስት ሊግ ነው፤ አንተው የጠቀስከው ፖዚ በ1932 ያቋቋመው። እሱም ዓመቱን ሳይጨርስ ነው የፈረሰው። ግማሽ በጋ ኖሮ ሜጀር ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይገባዋልም። ስለዚህ አጭር መኖር ማንንም ከመዝገብ አያስወጣም። ልጁ የጠየቀውም ስለ መዝገቡ አይደለም።

የጥገናው ሰው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ፤ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን መኪና ውስጥ አስቀምጬ ልጁን ወደ ሎውስ ይዤው ሄድኩ። ምልክቱን እሱ እያነበበ እኔ ሰማሁ። ከዚያ ጎበዝ ስላልነበሩ ሳይሆን ሜዳው የነሱ ስላልነበረ እንደፈረሰ ነገርኩት፤ ሬኒየርስ ሲሄዱ ብቻ እንደሚጫወቱ። “ሬኒየርስ ካልሄዱስ?” አለኝ። ታኮማ ይሄዳሉ አልኩት። “ታኮማም ሰው ካለበትስ?” አለኝ። ያን ቀን አይጫወቱም አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ስለ ሄርብ ሲምፕሰን ስነግረው ግን ዓይኑ በራ፤ እሱም ፈርስት ቤዝ ነው የሚቆመው።

ከቤዝ ቤዝ ርቀቱ 90 ጫማ ነው አለኝ። ወገቤ ላይ የሥራ ሜትሬ ነበረች፤ የምትዘረጋው 25 ጫማ ነው። የመኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ እሱ አንዱን ጫፍ ይዞ እኔ እየዘረጋሁ ሦስት ጊዜ ሙሉ ለካን፣ ከዚያ 15 ጨመርን። የደረስንበት ላይ ጃኬቱን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ መነሻው ተመልሶ ሮጠው። “ቁጠርልኝ” አለኝ፤ ቆጠርኩለት። አራት ጊዜ ደጋገመው።